በጆሮ የሚነዳ አውቶቡስ

ሃሎ ይሏታል። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ ነገር ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሆስፒታል ስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጣ በቀን አራት መቶ ጊዜ «ሃሎ» ስትል የኖረች ሴት፣ ስሟ የሚገኘው መዝገብ ቤት ብቻ ነው። ጡረታ ከወጣች በኋላ እንኳ በር ሲንኳኳ «ሃሎ፣ ከማን ጋር ላገናኝዎ?» ትላለች። የውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ መጀመሪያ የመጣ ቀን ደንግጦ የራሱን ስም ከነአባቱ ነገራት።

ዓይኗ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ አያይም፤ ኩፍኝ ነው የወሰደው። ስለዚህ ነገር ብዙ አታወራም። ቀለም ታስታውሺያለሽ ወይ ሲሏት «ቀይ ብቻ» ትላለች፤ የአንድ ባልዲ ቀይ። ባልዲው የማን እንደነበረ፣ ምን እንደነበረበት አታውቀውም። ቀይ ነበር፣ በቃ።

ባሏ ሹፌር ነበር። ሠላሳ ሦስት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ አንዲት ዶሮ እንኳ አልገጨም፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል። የተዋወቁት በስልክ ነው። አንድ ቀን አንድ ተሳፋሪ አውቶቡሱ ውስጥ ተዝለፍልፎ ቢወድቅበት፣ መስመሩን ትቶ ከነሃምሳው ተሳፋሪ ሆስፒታል ግቢ ገባ። በማግስቱ ስለ በሽተኛው ሊጠይቅ ደወለ። በሦስተኛውም ቀን ደወለ፣ በአራተኛውም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሃሎ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «ጌታዬ፣ በሽተኛው ድኖ ከወጣ ዘጠኝ ቀኑ ነው፤ አሁን የሚፈልጉት ማንን ነው?» አለችው።  «እርስዎን» አለ። ሌሎች አራት መስመሮች እየጮሁ ነበር። ሃሎ በሥራ ዘመኗ ስልክ እየጮኸ እጇን አጣጥፋ የተቀመጠችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ጨዋታው የመጣው ሁለቱም ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አብረዋት ካደጉት አንዱ፣ አሁን ማሳጅ ቤት ያለው፣ አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ አገኘና ለጓደኞቹ አዳረሰ። ሥዕል የሚባል ነገር የለውም። ስክሪኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጥቁር ነው። ማዳመጫው ጆሮ ላይ ሲደረግ ግን ሰው የሚገባው አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ ያውም የሹፌር ወንበር ላይ። ሞተሩ ከፊት ያጉረመርማል፣ ነፋሱ በመስኮት ያፏጫል። አውቶቡሱ ወደ ቀኝ ሲያጋድል የመንገዱ ዳር ጠጠር በቀኝ ጆሮ ይንኮሻኮሻል፤ ወደ ግራ ከሄዱ ደግሞ ከፊት የሚመጣ መኪና ክላክስ ግራ ጆሮን ይበሳል። ፌርማታ ሲቃረብ ደወል አለ። ሰው ይሳፈራል፣ ያስላል፣ ጎረቤቱን ያማል። ፍሬን በኃይል ከተያዘ ሹፌሩን ይሰድባል፤ ፌርማታው ከታለፈበት ደግሞ አያድርስ ነው። ብዙ ሰው ሳያስቀይም፣ በሰዓቱ ያደረሰ ያሸንፋል።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አራቱ የትምህርት ቤት ጓደኞች፣ እያንዳንዳቸው በየቤታቸው ሆነው፣ በኢንተርኔት ይገናኙና እኩል ይነሳሉ። ሃሎ፣ ማሳጅ ቤት ያለው፣ ብሬል ሲያስተምር የኖረው መምህሩ፣ አራተኛዋ ደግሞ ጥድፊያ።

ሹፌሩ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ «እስቲ ልቀቂልኝ» ብሎ ተቀመጠ። ዕድሜ ልኩን በዓይኑ የነዳ ሰው ጥቁሩ ስክሪን ላይ አፍጥጦ «መንገዱ የታለ?» እያለ ሲፈልግ ከነተሳፋሪዎቹ ወንዝ ገባ። በሕይወቱ የመጀመሪያው አደጋ ነበር። ሁለት ቀን አኮረፈ፤ ምግብ ሲቀርብለት እንኳ «ተሳፋሪዎቹ ዋኝተው ወጡ?» ብላ ሃሎ ስለነካካችው ሦስተኛ ቀን ጨመረበት። ከዚያ ወዲህ አይነዳም። ነገር ግን ቅዳሜ ሲደርስ የራሱን ማዳመጫ አጠገቧ ይሰካና ወንበሩን አስጠግቶ መሬቱን በቀኝ እግሩ ይረግጣል። ፍሬን መያዙ ነው።

«ማርሽ ቀይሪ እንጂ ሴትዮ፣ ሞተሩን አሳበድሽው።»

«በጉዞ ላይ ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው» ትለዋለች። እሱ ይነዳው የነበረው አውቶቡስ ላይ እንዲህ ተብሎ ተጽፏል፤ ያነበበላትም ራሱ ነው።

ጥድፊያ ማለት በትምህርት ቤቱ መኝታ ክፍል ውስጥ ከሃሎ አልጋ ቀጥሎ የነበረች ልጅ ናት። ሁለቱ አልጋዎች መካከል አንድ ክንድ ብቻ ነበር፤ ማታ ማታ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይተኙ ነበር፣ አንዷ ስትገላበጥ ሌላዋ ትነቃለች። ጥድፊያ ያሏት በአረማመዷ ነው። ከዘራ አትይዝም፣ ግድግዳ አትዳስስም፤ በኮሪደሩ እንደ ነፋስ ትመጣና ሰው ገጭታ «አታይም እንዴ?» ትላለች፤ የገጨችውም አያይም። አሮጊት ሆናም ጠባይዋ ያው ነው። ቅዳሜ በተወዳደሩ ቁጥር ከአሥሩ ሰባቱን የምታሸንፈው እሷ ነበረች። ስታልፍም ዝም ብላ አታልፍም፤ «ከኋላዬ የሚያቃስተው ምንድነው፣ የታመመ ዝሆን ነው?» እያለች ነው። ሃሎ በንዴት ትንጨረጨራለች፤ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ቅዳሜ እስኪደርስ ትቆጥራለች።

ታዲያ ጥድፊያ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። ልጇ፣ መሐንዲስ ነው፣ ቤቷን አስረክቦ ወደሚኖርበት ከተማ ወሰዳት። ደግ ልጅ ነው። መኝታዋን ምድር ቤት አደረገላት፣ የምትደገፈው ብረት በየግድግዳው አስመታላት፣ አሮጌ ኮምፒውተሯን ከቆሻሻ ጋር አስወጥቶ ምርጥ የተባለ አዲስ ገዛላት። ያ አዲሱ ኮምፒውተር ነው ጉድ ያፈላው። ጨዋታው አልከፈት አለ። ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሉት፣ ኮምፒውተሩ የሚተዳደርበት ነገር፣ የሌላ ዓይነት ነው። ጨዋታው የተሠራው ለአንደኛው ዓይነት ብቻ ነው፤ በሌላኛው ላይ ቢጭኑት ዝም ይላል።

ሃሎ ይህ ሲነገራት ወዲያው ገባት። «ሁለት ማዞሪያ ነው በሉኛ» አለች፤ «መሀላቸው ሽቦ ያልተዘረጋ።»

መጀመሪያ ላይ ጥድፊያ በስልክ ትስቅበት ነበር። ቆይታ መሳቁን ተወች። ሃሎ ስትደውል «ደህና ነኝ» ትላለች፤ ከዚያ ሌላ ቃል የለም። ሃሎ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ትንፋሽ ስትሰማ የኖረች ናት፤ ማዋለጃ ክፍል የሚደውለውንና አስከሬን ክፍል የሚደውለውን ቃል ሳይወጣው ትለየው ነበር። የጥድፊያ ትንፋሽ የትኛውንም ክፍል የማይፈልግ ሰው ትንፋሽ ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም፣ «ኮምፒውተሩን ለልጅ ልጆቼ ውሰዱላቸው ብያለሁ፤ ትምህርት ሲከፈት ይወስዱታል። ቅዳሜ ቅዳሜም አትደውዪልኝ፣ እተኛለሁ» አለቻት። ጥድፊያ በቀን ተኝታ አታውቅም። ሃሎ ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ እጇን ከላዩ ላይ ሳታነሳ ብዙ ቆየች። ትምህርት የሚከፈተው ከአሥራ አንድ ሳምንት በኋላ ነበር።

ቅዳሜ አሁን ሃሎ አንደኛ መውጣት ጀመረች። ሹፌሩ ያጨበጭብላታል። እሷ ግን ማዳመጫውን አውልቃ «ከማን ጋር ተወዳድሬ?» ትለዋለች። መምህሩ ተሳፋሪዎቹን ሁሉ ሰላም ሳይል አይነሳም፤ ማሳጅ ቤት ያለው ደግሞ ደንበኛ ሲመጣበት አውቶቡሱን መሀል መንገድ ትቶ ይሄዳል።

ለጨዋታው ሠሪ ድምፅዋን ቀድታ ላከችለት። እሱም በድምፅ መለሰ። ሩቅ ያለ፣ ራሱም የማያይ ሰው ነው፤ ቀን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠራል፣ ጨዋታውን የሠራው በትርፍ ጊዜው ነው። ሌላኛውን ሲስተም ነክቶት አያውቅም፣ ጊዜም የለው። ነገር ግን የሚችል ሰው ካገኘች ኮዱን፣ ጨዋታው የተጻፈበትን ማለት ነው፣ ሳይሰስት ይሰጣል። አንድ ነገር ብቻ ለመነ። የተሳፋሪዎቹን ድምፅ የቀዳው ከዘመድ ከጎረቤቱ ነው፤ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው «ቀስ በል ልጄ» የሚሉት አሮጊት እናቱ ናቸው። አሁን በሕይወት የሉም። ሌላውን ሁሉ ቢቀይሩት ይቀይሩት፤ እሳቸውን ከወንበራቸው እንዳያስነሱበት።

 ሃሎ እነዚያን አሮጊት ስንት ጊዜ «ምነው ዝም ቢሉ» ብላቸዋለች።

ሰው መፈለግ አላስቸገረም፤ የእህቷ ልጅ ፕሮግራመር ናት፣ እንደ ጥድፊያ ያለ ኮምፒውተር ነው የምትጠቀመው፣ እሑድ እሑድ ደግሞ አክስቷን ሳትጠይቅ አትቀርም። የውሃ መሥሪያ ቤት የቆጣሪ ፕሮግራም የምትጽፍ፣ መንታ የወለደች፣ ዓይኗ ሥር ሁልጊዜ የጠቆረ ሴት ናት። ኮዱን አየችውና «ንጹሕ ሥራ ነው፤ ሁለት ሳምንት ይበቃኛል» አለች። ሹፌሩ ከጓዳ «የእኛም ጋራዥ ሁለት ሳምንት ይል ነበር» አለ።

ሁለት ሳምንቱ አለፈ። «ትንሽ ነገር ይቀረዋል» አለች በስልክ፤ የእሑዱን ጥየቃም ለሥራው ስትል አቋረጠች። ሦስተኛው አለፈ። በአራተኛው፣ ልጅቷ መሥሪያ ቤት የምሳ ሰዓቷን ሁሉ እየሠዋችለት መሆኑን ሃሎ ከእህቷ ሰማች። በአምስተኛው ልጅቷ ስልክ ላይ ድምፅዋ ተዳክሟል። ሃሎ መጠየቅ ፈራች። ጥድፊያ ደግሞ ስልክ ሲደወልላት «ደህና ነኝ» ማለቱንም ለልጇ ሚስት መተው ጀምራ ነበር፤ «ደህና ናቸው፣ ተኝተዋል።»

በስድስተኛው እሑድ ፕሮግራመሯ መጣችና ኮምፒውተሯን ምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ ከዳቦው ሳህን አጠገብ ዘረጋችው። የቀረበላትን ሻይ አልነካችም።

«አክስቴ፣ አልሆነም» አለች። ሦስት ጊዜ ከሥሩ ጀምራ ጽፋዋለች። በሕይወቷ እንዲህ ያሸነፋት ሥራ የለም። «ስከፍተው ጥቁር ነገር ብቻ ነው የሚመጣው። ምንም የለም። ይኸው።»

ሹፌሩ አንገቱን አስግጎ አየ። «እውነቷን ነው፣ ጥቁር ነው» አለ፣ ራሱ ወንዝ የገባበትን ስክሪን ረስቶ፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው።

 ሃሎ ራሷን ወደ ዳቦው ሳህን ዘንበል አድርጋለች። የፕሮግራመሯ ማዳመጫ ኮምፒውተሩ ላይ እንደተሰካ እዚያ ተጋድሟል። ልጅቷ ቤቷ ስትሠራ መንታዎቹ እንዳይነቁ፣ መሥሪያ ቤት ስትሠራ ክፍሉን የሚጋሯት ሰባት ሰዎች እንዳይረበሹ፣ ማዳመጫውን ሰክታ ድምፁን ወደዚያ ትልከዋለች። ጆሮዋ ላይ ግን አታደርገውም። የመንታ እናት ጆሮዋን የምትደፍንበት ቀን የላትም።

«ይሄ የቆመው አውቶቡስ የማን ነው?» አለች ሃሎ።

ሁለቱ ተያዩ። ሃሎ እጇን ሰድዳ ማዳመጫውን አነሳችና ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ሞተሩ ተነስቶ በሰላም ያጉረመርማል። በሩ ክፍት ነው። ውስጡ በሰው ተጨናንቋል። «ሹፌር፣ አንሄድም እንዴ?» ይላል አንዱ። «ይሄ ሰውዬ ተኝቷል» ትላለች አንዲት ሴት። «ኧረ ሥራ አለን!» ይላል ከኋላ ያለው። ሦስተኛው ወንበር ላይ ያሉት አሮጊት ደግሞ፣ ገና ፈቀቅ ያላለውን አውቶቡስ፣ «ቀስ በል ልጄ» ይሉታል።

ሃሎ ማዳመጫውን ለእህቷ ልጅ አቀበለቻት። ልጅቷ ሰማች። ቀይ መልኳ አመድ መሰለ። የድሮ ሥራዋን ሁሉ አስቀምጣው ነበርና የአምስተኛውን ሳምንት ከፈተች፤ ይጮኻሉ። የአራተኛውን ከፈተች፤ ይጮኻሉ። የሁለተኛውን ሳምንት ዓርብ ከፈተች። «ሹፌር፣ አንሄድም እንዴ?» ያን ጊዜ ነው ያለቀው። እሷ ጥቁሩን ስክሪን እያየች ስታፈርሰው፣ ስትሠራው፣ ስታፈርሰው ነው የከረመችው።

«አራት ሳምንት ሙሉ ሰው ጭኖ መቆም» አለ ሹፌሩ። «በእኛ ጊዜ አራት ደቂቃ ብትቆም መስኮት ይሰብሩብህ ነበር።»

ልጅቷ ፊቷን በእጇ ሸፍና፣ ሥዕል እንደሌለው ማንም ስላልነገራት ጥቁር ስታይ የተበላሸ መስሏት እንደነበረ ልታስረዳ ሞከረች። ሃሎ ግን ሳቋ አላስቀምጣት ብሎ ጠረጴዛውን ይዛ ትንፈራፈራለች። እንባዋን ስትጠርግ፣ «አንቺ ልጅ» አለቻት፣ «ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው በጥቁር ስኖር። ተበላሽቻለሁ እንዴ?»

ከዚያ ወዲያ ሥራው ወደ ሃሎ ዞረ። ፕሮግራመሯ ያን ኮምፒውተር እዚያው ትታላት ሄደች፤ ሃሎ ቀኑን ሙሉ እየነዳች የተበላሸውን ትነግራታለች፣ ልጅቷ ከቤቷ ሆና በሌላ ኮምፒውተር አስተካክላ ትልካለች። አንዳንዱ ቀላል ነበር። ፍሬኑ ግን ጉድ ነው። በድሮው ኮምፒውተር ፍሬን የሆነው ቁልፍ በዚህኛው ሲስተም ሌላ ሥራ ተሰጥቶታል፤ የጠፋ ነገር የሚፈለግበት ነው። ሃሎ ቁልቁለት ላይ፣ አርባ ሰው ጭና፣ ፍሬኑን ስትጫነው ተሳፋሪው ሁሉ ጸጥ ይልና አንዲት ትሑት የኮምፒውተር ድምፅ፣ «ምን ልፈልግልዎ?» ትላለች።

«ፍሬን በያት» አለ ሹፌሩ።

እሱ ተስተካከለ። ፕሮግራመሯም ከእንግዲህ እንደማትሳሳት ምላለች፤ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ መንታዎቹን ለባሏ ሰጥታ፣ ራሷ እየነዳች ትመረምረዋለች። እንደዚያ ተመርምሮ በተላከው በአዲሱ ላይ ሃሎ በአንድ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ጊዜ ገደል ገባች።

ለማንም አልተናገረችም። ሹፌሩ አትክልት ሊያጠጣ ወጥቶ ነበር። ጠጠሩ በቀኝ ሲንኮሻኮሽ ወደ ግራ ትመልሳለች፣ ጠጠሩ ይብሳል፣ ከዚያ ባዶ አየር፣ ከዚያ ጩኸት። አሥራ አንድ ጊዜ። ማዳመጫውን አውልቃ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ዓይኗ ሲሄድ ሕፃን ነበረች፣ ማዘኑንም አላወቀችበትም። ጆሮዋ ቢሄድ ግን የሚተካው ሦስተኛ ነገር የላትም። ለጥድፊያ መንገድ ልጠርግ ብዬ የራሴን ዘጋሁ ማለት ነው ብላ አሰበች።

ማታ በእራት ላይ ባሏን ማንኪያና ብርጭቆ አስይዛ በየጥጉ እየዞረ እንዲያንኳኳ አዘዘችው። ለምን እንደሆነ አልነገረችውም። እሱም ሠላሳ ሰባት ዓመት አብሯት የኖረ ስለሆነ አልጠየቀም። በመስኮቱ በኩል አንኳኳ፤ ጠቆመች። በበሩ በኩል አንኳኳ፤ ጠቆመች። ጫማውን አውልቆ በዳዴ ሄዶ ጠረጴዛው ሥር አንኳኳ፤ «ጉልበትህን ትታመማለህ፣ ውጣ» አለችው። አንድም አልሳተችም።

እንግዲያው ጆሮዋ አይደለም። በማግስቱ ማለዳ ለእህቷ ልጅ ደወለች።

«ስትመረምሪው ማዳመጫሽ ገመዱ በየትኛው ጆሮሽ በኩል ነው የሚወርደው?»

ልጅቷ ጥቂት አሰበች። «በቀኝ። ለምን?»

«የእኔ ልጅ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ማዳመጫ ራሴ ላይ ነበር። የዚያ ዓይነት ገመዱ በግራ ነው፤ ገልብጠሽ አድርገሽዋል።»

 በመስመሩ መንታዎቹ አንድ ነገር ሲቀማሙ ይሰማል። «አክስቴ» አለች በመጨረሻ ልጅቷ፣ በጣም ቀስ ብላ። «ቀኝና ግራው ተገላብጦ ስላገኘሁት… አስተካክዬልሽ ነበር።»

ሃሎ ለአሥራ አንዱ ገደል አንድ ቃል አልተቆጣቻትም። «እሰይ» ብቻ አለች፤ ልጅቷም ምኑ እሰይ እንደሆነ ሳይገባት ቀረ።

ትምህርት ሊከፈት ስምንት ቀን ሲቀረው ጨዋታው ተጠናቀቀ። የቀረው ጥድፊያ ኮምፒውተር ላይ መጫን ነው፤ እሱም የልጇ እጅ ላይ ነው። ልጇ በትሕትና እንቢ አለ። «እማማ፣ እናቴ የሚያስፈልጋት እረፍት ነው። ጌም የልጆች ነገር ነው፤ ኮምፒውተሩንም ራሷ አንሱልኝ ብላለች» አለ። ሃሎ አልተከራከረችውም። በማግስቱ ጠዋት አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ትከሻዋን አስተካክላ፣ ጡረታ ስትወጣ አብሯት የወጣውን ያን ድምፅ ከሆዷ አወጣችው። የማዞሪያው ድምፅ። ሐኪሞችን ከእንቅልፋቸው የቀሰቀሰ፣ ዳይሬክተሮችን «ይጠብቁ» ያለ ድምፅ።

«ጤና ይስጥልኝ። እባክዎ አይዝጉ። ከእናትዎ ኮምፒውተር ፊት ለፊት ነዎት?»

«አ… አዎ» አለ መሐንዲሱ።

«መልካም። ይክፈቱት። ሲከፍት ይንገሩኝ።»

አሥራ ስምንት ነገር አዘዘችው፤ አሥራ ስምንቱንም «እሺ፣ እሺ» እያለ ፈጸመ። ሲያበቃ «እናመሰግናለን» ብትለው «እኔ አመሰግናለሁ» አለ። ማን እንደነበረች የገባው ስልኩን ከዘጋ በኋላ ነው ይባላል። ሹፌሩ ከጎኗ ቆሞ ሲሰማ ነበር፤ «እኔንም ያጠመድሽኝ በዚህ ድምፅ ነው» አለ።

ከሁሉ የከበደችው ጥድፊያ ራሷ ነበረች። ልጇ ስልኩን እጇ ላይ ሲያደርግላት፣ ከእንግዲህ ለእሷ እንደማይሆን፣ ዳሌዋም ቁጭ አድርጎ እንደማያስነዳት፣ ሃሎ በከንቱ እንደደከመች በዚያ በደከመ ድምፅ ተናገረች። ሃሎ ልመና ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«እንዳልሽ» አለቻት። «እንዲያውም ይሻላል። አሥር ቅዳሜ በተከታታይ አንደኛ እኔ ነኝ። መምህሩም ድሮም ቢሆን ጥድፊያ የምታሸንፈው ኮምፒውተሯ ፈጣን ስለነበረ ነው ብሏል።»

ትንፋሽ ተሰማ። ያ የትኛውንም ክፍል የማይፈልገው ትንፋሽ አልነበረም።

«ማን ነው ያለው?» አለች ጥድፊያ።

ቅዳሜ አራቱም ተነሱ። ጥድፊያ «መጥቻለሁ» ካለች በኋላ ቃል አልተነፈሰችም፤ የምትሰማው በሞተሯ ብቻ ነበር፣ እሱም ወደኋላ እየራቀ። ከመምህሩ እንኳ ኋላ ናት። ሃሎ አምስተኛው ፌርማታ ላይ ቆመች። ተሳፋሪ ገብቶ አለቀ፣ እሷ አልተነሳችም። ሹፌሩ እግሩን መሬት ላይ እየመታ «ምን ትጠብቂያለሽ? በሩን ዝጊ» ይላታል በሹክሹክታ። ሃሎ የምትጠብቀውን ታውቃለች። ያ የራቀ ሞተር ቀረበ፣ ቀረበ፣ ከጎኗ ደረሰና ቀስ አለ።

«አንቺ» አለ የጥድፊያ ድምፅ በማዳመጫው ውስጥ። «ሰው ጭነሽ ጨርሰሻል። በርሽም ክፍት ነው፣ እሰማዋለሁ።» ፍሬን ያዘች። «ቆመሽ እየጠበቅሽኝ ነው እንዴ? እኔን?»

የጥድፊያ ሞተር እንደ አንበሳ አገሳና በሃሎ ግራ በኩል አልፎ ሄደ፤ እንዲህ ተጠግቶ ከመሄዱ የተነሳ የሃሎ ተሳፋሪዎች አንድ ላይ ጮኹ። «በይ አሁን ንጂ፣ ደግ ሴትዮ!» አለች ጥድፊያ፤ ከዚያም አፏ አልተገጠመም። ስለ መምህሩ አወራች፣ ስለ ልጇ ሚስት ሾርባ፣ ግድግዳው ላይ ስለተመታው ብረት፣ በየኩርባው እየሰደበች፣ እየሳቀች። ሃሎ ከልቧ ተከተለቻት። ምንም አላስቀረችም፣ ጥርሷን ነክሳ ነዳች፣ ሹፌሩም ከጎኗ ማርሽ እየቀየረ ላቡ ጠብ ጠብ አለ። በሁለት ፌርማታ ተበለጠች።

ማዳመጫዋን አወለቀች። ሹፌሩ ሊያጽናናት፣ ባትቆም ኖሮ ታሸንፍ እንደነበር ነገራት። «ዝም በል» አለችው፤ «አላሸንፍም ነበር። ደህና አድርጋ ነው የበለጠችኝ፣ ይቺ መርዝ።» ይህን ስትል ፊቷ እንዴት እንደነበረ ሹፌሩ እስከ ዛሬ ለሰው ይናገራል፤ ሃሎ ግን አይታመንም ትላለች፣ መንገድ ማየት ያልቻለ ሰው ፊት ምን ያውቃል ብላ።

ረቡዕ ዕለት የጥድፊያ ልጅ ደወለ። ድምፁ ላይ ደረጃ የወጣ ሰው ድካም ነበረበት።

«እማማ፣ ምንድነው ያደረጉብኝ? ልጆቹ ኮምፒውተሩን ሊወስዱ ቢገቡ ትራስ ወረወረችባቸው። እራት ሲቀርብ ፌርማታ ላድርስና እመጣለሁ ትላለች። ትናንት እንግዶች ነበሩኝ፤ ከክፍሏ ሆና ‹ግቡ፣ ግቡ፣ ወደ ኋላ ጠጋ በሉ› ስትል ሰዎቹ ተነስተው ጠጋ አሉ። አሁንም እየነዳች ነው። ምን ይሻለኛል?»

ሃሎ በጥሞና ሰማችው። አዘነችለትም።

«የትኛው መስመር ላይ ናት?» ብላ ጠየቀችው።

«ምን?»

«ሂድና ስማ። ውሃ ይሰማል ወይስ ገበያ?»

መሐንዲሱ ሄደ። እግሩ ኮሪደሩን ሲያልፍ፣ በር ሲከፈት፣ ጥድፊያ አንድ ሰው ላይ ስትጮህ ሃሎ ትሰማለች። ተመለሰ። «ውሃ ይመስለኛል» አለ። «ድልድይም አለ። ብዙ ኩርባ።»

«ስድስተኛውን ነው የምትለማመደው» አለች ሃሎ። ስድስተኛው መስመር እሷን ራሷን ሁልጊዜ የሚያስቸግራት ነው። ደህና ሁን ማለቱንም ረስታው ስልኩን ዘጋችና አትክልት የሚያጠጣውን ባሏን በመስኮት ተጣራች፤ ባልዲውን እዚያው ያስቀምጠው፣ ቶሎ ይግባ፣ ሥራ አለ።